ቡላ የከለከለኝ ወረቀት

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለጣቢታ፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት አቤቱታ አለኝ። በመምህር ወልደ ማርያም እጅ የላክሽልኝ ጫማ ጠበበኝ። ከታች አርባ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል፤ እኔም ጺም ካበቀልኩ ጀምሮ አርባ ሁለት ነኝ። የጀርመን አርባ ሁለትና የሆሳዕና አርባ ሁለት ይለያያል እንዴ? ደግሞ የሚገርመው፣ ቀኙ ልክ ነው። ግራው ግን እንደ ቀበሌ ጥበቃ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሁለቱንም እግሬን የወለደችው አንዲት እናት ናት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጫማ ሰፊው ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስሰፋ የሰው ሱሪ አንድ እግሩን አጥብቤ ሰጥቼ አላውቅም። ይህንን ለመንግሥታቸው ንገሪልኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። በሰው አገር የሚጠብቅሽ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። አክስትሽ አባይነሽ ደህና ናት፤ ላሟም ደህና ናት፤ ዝናቡ ግን መንገዱን ጭቃ አድርጎ ገበያተኛውን ሁሉ ሱሪ አስጠቅልሏል፣ ለኔ ሥራ ጥሩ አይደለም።

አንድ ትንሽ ዜና አለኝ። ከግንቦት ጀምሮ ውኃ ጥም በዝቶብኝ ነበር። አባይነሽ ጎትጉታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝና «ስኳር አለብህ» ተባልኩ። እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቀበሌው ሱቅ ሁለት ወር ሙሉ ስኳር ሳያመጣ እኔ ከየት አገኘሁት? ሐኪሙ ግን አልሳቀም። እንክብል ሰጠኝና ማር ተው፣ ቅቤ ተው፣ ቡላ ተው፣ ቆጮ ቀንስ አለኝ። «ታዲያ ምን ልብላ?» ብለው «ጎመን» አለ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። በልብስ መለኪያዬ ሜትር ወገቤን በየቅዳሜው እለካለሁ፤ ከመቶ አራት ወደ መቶ ሁለት ወርዷል። የራሴን ሱሪ ራሴ ሳጠብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንን ላስከፍል?

አንድ ነገር ግን አስገርሞኛልና አንቺ የተማርሽው አስረጂኝ። ረሃብ ሰዓት ያውቃል። ልክ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሆዴን ያንኳኳል። ዝም ብዬ አንድ እጅጌ ሰፍቼ ስጨርስ የለም፣ ሄዷል። ያልተመገበ ረሃብ የት ነው የሚሄደው? ጀርመኖችስ ይርባቸዋል? ወይስ እሱንም በፕላን ነው የሚሠሩት?

ከቻልሽ ግራውን ጫማ ብቻ አርባ አራት ቁጥር ላኪልኝ።

ጠና ሰላም ብሎሻል። ጎረቤቴ ሆኖ ስለ ጎመኔ ሳይሳለቅ የዋለበት ቀን የለም።

አጎትሽ ዋለ

ላይፕሲግ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዋለ፣

የጌታ ሰላም ለእርስዎ፣ ለእትዬ አባይነሽና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ትምህርቱም ይሄዳል።

አቤቱታዎ ደርሶኛል። ጫማ ሰፊው ጥፋት የለበትም። ጫማውን የገዛሁት እርስዎ ከመሄዴ በፊት በወረቀት ላይ በነደፉልኝ የእግርዎ ልክ ነው፤ ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ አለ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ናቸው። ስለዚህ ያደገው ግራ እግርዎ ነው። በስልሳ ዓመቱ እግሩ የሚያድግ ሰው አላየሁም፣ የሚያብጥ ግን በየቀኑ አያለሁ።

ጋሼ፣ እባክዎ ሳይቀልዱ ይመልሱልኝ። ግራ እግርዎ ላይ ቁስል አለ? የት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ካልሲዎን አውልቀዋል ወይስ ሐኪሙን አስቀው ተመልሰዋል? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላያመው ይችላል። የሚያስፈራኝም ያ ነው።

እዚህ ተለማማጅ ነርስ በሆንኩበት የሐኪም ቤት ክፍል ወይዘሮ ሽሚት የሚባሉ የሰባ ዓመት ሴት ተኝተዋል። የእርስዎ ዓይነት ስኳር ነው ያለባቸው። ምግባቸው በትንሽ ሚዛን ተመዝኖ ይቀርባል፤ ድንቹ እንኳ በግራም ነው። እሳቸው ግን በሹራብ መሥሪያ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከክሩ ሥር፣ ከረሜላ ይደብቃሉ። ሳገኝባቸው «የልጅ ልጄ ነው» አሉኝ፣ ከረሜላው አፋቸው ውስጥ እያለ። እርስዎን አስታወሱኝና ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ስለዚህ ዝርዝር ጽፌ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ። ሚዛን ስለሌለዎት በእጅዎ ነው የለካሁት። ጎመን ያለ ቅቤ፣ የፈለጉትን ያህል። የባቄላ ወጥ አንድ ጭልፋ። እንቁላል አንድ። ቆጮ መዳፍዎን የሚያህል፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጣቶችን ሳይጨምር። ቡላ ፈጽሞ ክልክል። እንሰት አትክልት ነው ብለው እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ፤ አይከራከሩኝ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ትኩሳት ይዞኝ ሳለ፣ ከሆመቾ እስከ ሆሳዕና አዝለው ያመጡኝ በዚያ እግር ነው። ስለ እሱ የመጠየቅ መብት አለኝ።

የእህትዎ ልጅ ጣቢታ

ሆሳዕና፣ መስከረም 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለብልጧ ጣቢታ፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ፣ ከዚያም ቆጣ ካልሽበት ዞር ይበል። ከላይፕሲግ ሆነሽ ካልሲዬን አስወለቅሽኝ።

እሺ፣ አለ። የግራ እግሬ አውራ ጣት ነው። ሰኔ ውስጥ መርፌ ወድቆ ጫማዬ ውስጥ ገባና ቀኑን ሙሉ ስረግጠው ዋልኩ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ መርፌው ከጣቴ ጋር ወጣ። አላመመኝም ብልሽ ታምኛለሽ? «ይህ ምን ዓይነት ጀግንነት ነው?» ብዬ ለጠናም አሳየሁት። ቁስሉ ግን እስካሁን አልዘጋም። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሄጄ ለሐኪሙ አሳየሁት። አሁንም አልሳቀም። «እስከ ጥር ስኳሩ ወርዶ ካልዘጋ ጣቱ ይቆረጣል፤ እሱም ካልበቃ ከዚያ በላይ» አለኝ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል የምገፋው በዚያ እግር እንደሆነ ነገርኩት። «ታዲያ ጎመኑን ብላ» አለኝ። ሰውዬው ሌላ ቃል አያውቅም።

ዝርዝርሽን እየተከተልኩ ነው። አባይነሽ ቆጮውን ስትቆርስ መዳፌን ዘርግቼ እቆማለሁ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። ጣቶች ለምን እንደማይቆጠሩ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

አሁን ስለ መስቀል ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ከሌላ ትሰሚዋለሽ። እንደምታውቂው በየዓመቱ ከጠና ጋር አተካና የምንበላው ከአንድ ጣባ ነው። ዘንድሮም ሄድኩ። ገነቴ አቀረበችው። ቡላው በወተት ተንተክትኮ፣ አይቡ ገብቶበት፣ ቅቤው ከላይ ተንጣልሎ። ከዚህ በላይ አልገልጽልሽም፣ አንቺም ድንችሽን እየመዘንሽ ነው። ቤቱ ሃያ ሰው ያህል አለበት።

«ዋለ፣ እጅህን ስደድ እንጂ» አለኝ ጠና።

«ስኳር አለብኝ ብዬህ የለ? ተከልክያለሁ።»

«አተካና ውስጥ ምን ስኳር አለ? ገነቴ፣ ስኳር ጨምረሻል እንዴ?»

«ኧረ ከየት አምጥቼ! ቀበሌ መቼ ሰጠን?» አለች ገነቴ ከጓዳ።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ዳኘ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። እሳቸው ሲያስቀምጡ ሁሉም አስቀመጠ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ በመስቀል ዕለት ከሰው ቤት አልበላም ያለ ሰው ቂም አለበት፣ ቂሙ ሳይወጣ ደግሞ ማንም አይበላም።

«ዋለ፣ ጠና ምን አደረገህ?» አሉ ዳኘ።

«ምንም አላደረገኝም።»

«ምንም የሚል ሰው ነው ብዙ ያለው» አሉና ምርመራ ጀመሩ። ሃያ ሰው እየራበው አንድ ሰዓት ሙሉ በኔና በጠና መካከል በደል ተፈለገ። በመጨረሻ ተገኘ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የጠና ጊደር ጓሮዬ ገብታ ሁለት እንሰት በልታለች። እኔ ጊደሯን ረስቻታለሁ፣ ጠናም ረስቷታል፣ ከተሸጠች ስምንት ዓመቷ ነው። ዳኘ ግን ጠናን አስነሡት። ያ ግዙፍ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ በራሱ ቤት፣ በልጆቹ ፊት፣ «ስለ ጊደሬ ይቅር በለኝ» አለኝ።

«ይቅር ብያለሁ! ምንም አልነበረብኝም እኮ!»

«እንግዲያስ ብላ» አሉ ዳኘ።

ጣባውን አየሁት። ቅቤው ወደኔ በኩል ዘንበል ያለ መሰለኝ። አንድ ጉርሻ ብበላ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ግን ጣቴ ትዝ አለኝ፣ አንቺም ትዝ አልሽኝ። «አልበላም» አልኩ።

ጠና ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «በሰው ፊት ስለ ጊደር ይቅርታ አስጠይቀኸኝ፣ አሁንም አትበላም? በል ውጣ። ደጄንም እንዳትረግጥ።»

ወጣሁ። እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ከበዓሉ በፊት ሱሪውን በሁለት ጣት አስጠብቦኝ ነበር፤ «ገነቴ ድርሻህን እየበላችብህ ነው» ብዬው እየሳቀ ሱቄ ያለውን የውኃ ጆግ ባዶ አድርጎ ነበር የሄደው። ትናንት ሱሪውን እንደገና ለማስጠበብ በገነቴ እጅ ላከው። ራሱ አልመጣም።

አሁን ወደ ሳይንስ ልመለስ። ይህንን የምነግርሽ ነርስ ስለሆንሽ ነውና ይቅር በዪኝ። አንድ የዱራሜ ሰው ስኳር ያለበት ሰው የሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል አለኝ። እውነት ነው ወይ ብዬ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ሙከራ ጀመርኩ። አንደኛው ቦታ የኔ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ለማመሳከሪያ ንጹሕ ውኃ አፈስሳለሁ። በሐምሌ ጉንዳኖቹ ከመብዛታቸው የተነሣ መቁጠር አቃተኝ። በጳጉሜ ሰባት ነበሩ። የመስቀል ዋዜማ ሁለት፤ እነሱም መንገድ የጠፋባቸው ይመስላሉ። በመስቀል ማግስት ግን እንደ አብዮት በዓል ሰልፍ በመስመር መጡ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት የአየሩ ጠባይ ይሆናል።

ጫማውን ተዪው። ይልቅ ሳይጎዳ አፍ የሚያጣፍጥ እንክብል ጀርመን ይሠራል ይባላል፤ እውነት ከሆነ ጥቂት ላኪልኝ።

አጎትሽ ዋለ

ላይፕሲግ፣ ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዋለ፣

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ። እንክብሉን ልኬያለሁ፤ አንዱ ለአንድ ሲኒ ይበቃል፣ እንደ ከረሜላ የሚመጠጥ አይደለም።

ስለ ጉንዳኖቹ ለመምህራችን ነገርኳቸው። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የጥንት ሐኪሞችም በሽታውን በዚሁ ነበር የሚያውቁት ብለው ከጎኑ ውኃ ማፍሰስ ማን እንዳስተማረዎት ጠየቁኝ። «ማንም» አልኳቸው። ስምዎን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል።

መምህራችን የነገሩኝ ሌላም ነገር አለ። ጉንዳን በአየር ጠባይ አይታለልም። ጋሼ፣ ከጋሼ ጠና ቤት ሲወጡ ምንም አልበሉም ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዴት ሄዱ? ምን በሉ? እኔ አልቆጣም። ጉንዳኖቹ የሚያውቁትን እኔም ልወቅ ብቻ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፣ ከሁሉም ይበልጥ እያሳሰበኝ ነው። ጋሼ ጠና ድሮ የሚበሉትን አውቃለሁ፣ አሁንም ካልቀነሱ ሱሪያቸውን በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ለምን አስጠበቡ? የጠጡት ውኃስ? ሳይቀልዱ ይጠይቁልኝ። ተኳርፈናል አይበሉኝ።

ወይዘሮ ሽሚትን ባለፈው ሳምንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዷቸው። የሹራብ ቦርሳቸውን እኔ ይዤላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የእህትዎ ልጅ ጣቢታ

ሆሳዕና፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጣቢታ፣ ጉንዳኖችን ምስክር አድርጋ ለምትጠራዋ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለመምህርሽም። ስሜ በጀርመን ሰሌዳ ላይ መጻፉን ለአባይነሽ ስነግራት «እዚያም ሄዶ ሸና በሉኛ» አለች።

መልሴ የዘገየው ስላፈርኩ ነው። ከጠና ቤት ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። አባይነሽ ገና እነሱ ቤት ነበረች። ለእንግዳ የተቀመጠ ቡላ በድስት ነበረ። ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ፣ ሳላሞቅ፣ በእጄ፣ ድስቱን ጨረስኩት። አልራበኝም ነበር እኮ፤ አራት ሰዓትም አልነበረም። ያየችኝ ድመቷ ብቻ ናት። ጉንዳኖቹ ከማን እንደሰሙ አሁን ገባኝ።

ስለ ወይዘሮ ሽሚት የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ያልጻፍሽውን ደግሞ ብዙ ጊዜ። በማግስቱ ዝርዝርሽን ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ለጠፍኩት። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ያነበዋል፤ «ዛሬ እንቁላልህን በላህ?» የሚለኝ ሰው በዛ። አንጋጫ ሠርግ ተጠርቼ ዝርዝሩን ኪሴ ይዤ ሄድኩ። ሥጋ ሲያቀርቡልኝ ወረቀቱን አቀረብኩላቸው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም መጥቶ ነበር። «ጓድ ዋለ፣ ከሰዎች ጋር ተሰብስበህ ጾም ጸሎት ይዘሃል የሚል ጥቆማ ደርሶናል፤ ወራት ሙሉ አልበላም ስትል ተሰምተሃል» አለኝ። እኔም ወደ ግድግዳው አመለከትኩት። «ይህ ከወዳጅ አገር፣ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ መመሪያ ነው» አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ጣቶችን ሳይጨምር» የምትለዋ ጋ ሲደርስ የራሱን መዳፍ አየት አደረገ። «ጥብቅ ነው» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቴን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ፣ ተጫነው፣ ደግሞ አየው። «ዘግቷል» አለ። «አይቆረጥም?» ስለው «ምኑን?» አለኝ። ጣቢታ፣ ሰውዬው መቀለድ ያውቃል! ስኳሩ ወርዷል፤ እንክብሉና ጎመኑ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ ነው አለኝ። ወገቤ ዘጠና ሦስት ገብቷል። ያ የጀርመን ጫማ ግራውም ልክ ሆነ፣ ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ አድርጌዋለሁ። መኪናዋም ከጠዋት ጀምሮ በግራ እግሬ ስትዞር ዋለች።

ጉንዳኖቹ? ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው ነው፣ አንድም አልመጣም። የኔ ቦታና የንጹሕ ውኃው ቦታ አንድ ዓይነት ሆነዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ፤ ለምጃቸው ነበር። ወዴት ሄደው ይሆን ብዬ ትናንት ከእንሰቱ ጀርባ መስመራቸውን ስፈልግ ቆየሁ። በአጥሩ ሥር ወደ ጠና ጓሮ ሲያልፉ አየኋቸው። ከዚያ በላይ መከተል አልቻልኩም፣ ደጁን እንዳልረግጥ ተብያለሁና።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ አድርሻለሁ። ገነቴን ገበያ ላይ አግኝቼ «ጣቢታ ከጀርመን፣ ጠና ውኃ ያበዛል ወይ ብላለች» አልኳት። «ማታ ማታ የውኃ ማሰሮውን ከራስጌው አያርቅም» አለች። ለሱ ነግራው ኖሮ በማግስቱ መልስ ላከልኝ፤ «የራሱን ጉንዳን ይቁጠር።» ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ መልስ ሳምንት እስቅበት ነበር። ያለ ቡላ መዋል ለምጃለሁ። ያለ ጠና መዋል ግን አራት ወር ሆኖኝም አልሆነልኝም። ስለ ጎመኔ የሚሳለቅብኝ ሁሉ አለ፣ እንደሱ አድርጎ የሚሳለቅ ግን የለም። እሱ ይቅርታ የጠየቀባትን ጊደር እኔ መልሼ ይቅርታ ልጠይቅባት እያልኩ ሦስት ጊዜ እስከ አጥሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምናልባት በሚቀጥለው ቅዳሜ

ቆዪ፣ የሱቄ በር ላይ ሰው አለ።

ጠና ነው። ይህንን የምጽፍልሽ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ግባ ብለው አልገባ አለ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ሱሪውን ደግሞ በሌላው እጁ፣ ከወገቡ እንዳይወርድ። እንዲህ ከስቶ አላየሁትም ነበር። እኔን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝርሽን ነው የሚያየው።

«ዋለ፣ ጉንዳኖችህ እኔ ጓሮ ናቸው» አለኝ።

እዚህ ላይ ላቁም፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ላውርድለት።